ጠባቡ ሰደሪያ

ዳይሬክተሯ ራሷ በሩን ከፍታ «ይግቡ ማዘር፣ አረፍ ይበሉ» ስትል ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ደግ ወሬ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞም ይናገራል፤ ወንበር የሚስብልሽ ክፉ የያዘው ነው። ዘበኛው ሊጠራት ሲመጣ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ የክር ቁርጥራጩን ከቀሚሷ ሳታራግፍ ነበር የሮጠችው። መዋዕለ ሕፃናቱ ከቤቷ ቅርብ ነው፤ ለተጨነቀ ሰው ግን ቅርቡም አያልቅለትም።

«ማንን ነከሰች?» አለች እንደቆመች።

«መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ።»

«ቆሜም ይሰማኛል። ማንን?»

«አባቷ ሹፌር የሆነችውን ልጅ፣ ክንዷን። ምሳ በልተው ፍራሽ ላይ ጋደም ሲሉ። ደም ወጥቷል ማዘር።»

ልብስ ሰፊዋ ገርበብ ባለው በር ወደ ኮሪደሩ አየች። የልጅ ልጇ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አምስት ዓመት ገና አልሞላትም፤ ከማነሷና ካለማረፏ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ድንቢጥ ነው የሚላት። እግሮቿ መሬት አይደርሱም። የአንገትጌዋን ጫፍ እያኘከች፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳውን ታያለች።

«እኛ ልጅቷን ጠልተን አይደለም» አለች ዳይሬክተሯ ብዕሯን እያገላበጠች። «የሷም ጥፋት አይደለም። ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የመጣችው ነገር ነው። ዕፁ አእምሮዋ ላይ ጥሎት የሄደው ነገር አለ። እርስዎ ራስዎ አይደሉ የነገሩን?»

እውነት ነው፣ ራሷ ናት የነገረቻት። ልጅቷን ልታስመዘግብ የመጣች ቀን፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ በሹክሹክታ፣ «እናቷ አርግዛት ሳለ ሱስ ነበረባት፤ ልጅቷ ጩኸት አትወድም፣ ሲነኳት ትደነግጣለች፣ አፈር ስሆን ታገሱልኝ» ብላ ለምናለች። ይራሩላታል ብላ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሌላው ልጅ ሲያለቅስ እናቱ ናፍቃው ነው፣ ድንቢጥ ስታለቅስ ዕፁ ነው። የሌላው ልጅ ምሳውን ሲተው አልጣፈጠውም፣ ድንቢጥ ስትተው ዕፁ ነው። አንዴ ብታስነጥስም እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም።

«ወላጆችም ፈርተዋል» ቀጠለች ዳይሬክተሯ።

«ወላጆችን ማን ነገራቸው?»

ብዕሩ ቆመ። «ወሬ መቼ ይደበቃል ማዘር። ለማንኛውም የተነከሰችው ልጅ አባት ሐሙስ ይመጣል፤ እርስዎም ይምጡና እንወስናለን። እኔ ግን እንደሷ ዓይነት ልጆች የሚይዝ ሌላ ቦታ ቢፈልጉላት እላለሁ።»

«እንደሷ ዓይነት?»

«ይረዱኛል ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ተረድታለች፤ ቆሽቷ ያረረውም ስለተረዳች ነው። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ የሚሯሯጡት ልጆች ሁሉ የለበሱት ዩኒፎርም እሷ የቆረጠችው፣ እሷ የሰፋችው ነው። የማን እጅጌ እንዳጠረ፣ የማን ጉልበት እንደተጣፈ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ልጅ አግዳሚ ላይ የተሰቀለችው የሷዋ ብቻ። ድንቢጥ ከዚህ ከወጣች ወሬው ቀድሟት ሌላው ጋ ይደርሳል፤ በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት ስትገባም «ከየት ተባረረች?» ይላሉ። አንዴ እንዲህ የተባለች ልጅ እስክታረጅ እንዲህ ትባላለች።

«እመጣለሁ» አለች፤ ልጅቷንም እጇን ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «ለምን ነከስሻት?» አለቻት።

ድንቢጥ አሰበች። «እኔ አልነከስኳትም እማማ። አፌ ነው።»

«አፍሽ የማን ነው ታዲያ?»

«የኔ ነው። ግን ሳይጠይቀኝ ነው የሄደው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል፤ ያች የወለደቻት በልታ፣ ይቺ ትመታለች።

የወለደቻት ያው የራሷ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ስለዚያ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ብዙ አታወራም። ሆስፒታል ስትደርስ ልጇ አልጋው ላይ አልነበረችም፤ ልብሷን ለብሳ ወጥታለች አሏት። ሕፃኗ ግን ነበረች። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ልብስ ሰፊዋ ሰምታ አታውቅም፤ የልጅ ልቅሶ ሳይሆን መስታወት ሲፋቅ የሚወጣው ድምፅ ነበር። እጅና እግሯ ክሩ ባለቀበት መኪና ላይ እንዳለ መርፌ ይንቀጠቀጣል። ጡጦ ቢሰጧት መጥባት አልሆነላትም። አንዲት ነርስ ናት በስስ አንሶላ ጠቅልላ፣ ክንዶቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ አጥብቃ አጣጥፋ ያሳየቻት። «እንዲህ ጠበቅ ሲልላት ሰውነቷን ታገኘዋለች። ለጥቂት ጊዜ ነው» አለቻት። እውነትም ተጠቅልላ ዝም አለች። ያን ዝምታ ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ለጥቂት ጊዜ የተባለውን ነው የረሳችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ልጅቷ ከአንሶላው ስትወጣ ሰደሪያ ሰፋችላት። ገበር ያለው፣ በጎኑ ላስቲክ የገባበት፣ ከኋላ በመንጠቆ የሚቆለፍ፣ ከዩኒፎርሙ ስር የሚለበስ ጥብቅ ሰደሪያ። «ማቀፊያ» ብላ ስም አወጣችለት። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ለክታ አዲስ ትቆርጣለች። ማቀፊያውን ሳታለብሳት ከቤት አውጥታት አታውቅም፤ ሱቅ ድረስ እንኳ።

ያን ዕለት ወደ ማታ ልጇ መጣች። ሥራዋ ቀለም መደብር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቀለም ትበጠብጣለች፣ ጥፍሮቿ ስር አንድ ቀን ሰማያዊ ሌላ ቀን ቡናማ አይጠፋም። ሱሱን በሕክምና ከተወች ቆይታለች። እንዲያም ሆኖ በእናቷ ቤት የሚፈቀድላት የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። እዚያው የስፌት መኪናው ጎን ትቀመጣለች፤ ልጅቷን አታጥብም፣ አታለብስም፣ ይዛት ደጅ አትወጣም። ድንቢጥም እናቴ አትላትም፤ «ባለቀለሟ» ነው የምትላት።

«ባለቀለሟ፣ ዛሬ አረንጓዴ ነሽ!» ብላ ዘላ መጣች ልጅቷ።

«አረንጓዴ ነኝ። የአንድ ሰውዬ አጥር ነው ጣቴ ላይ የቀረው። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ ያበጠው?»

«ሰው በላች» አለች ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ። ወጥታም ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ዳይሬክተሯን፣ ብዕሩን፣ ሐሙስን፣ «እንደሷ ዓይነት» የሚለውን። «ደስ ይበልሽ! አንቺ የዘራሽውን እሷ እያጨደች ነው። የዚያን ጊዜ የተደሰትሽው ይኸው ዛሬ በዚህች ጥርስ ይወጣል።»

ልጇ ራሷን ደፍታ ጥፍሯ ስር የቀረውን አረንጓዴ ፋቀች። ይህ ደግሞ ልብስ ሰፊዋን ከመልስ ይብስ ያናድዳታል።

«ሐሙስ እዚያ ሰው ፊት ዝም ብላ እንድትቀመጥ አዲስ እሰፋላታለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ድርብ ገበር አገባበትና ጠበቅ አደርገዋለሁ። ነይ ድንቢጥ፣ በርጩማው ላይ ውጪ። እንዳትንቀሳቀሺ።»

ልጅቷ ወጣች። ክንዶቿን ዘረጋች። ሜትሩ ደረቷን ዞሮ ሲገናኝ ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች፤ ባለፈው ከለካችው እምብዛም አልጨመረም። «አየሽ፣ አትወፍርም እንኳ። እሱም ያው የዚያ ነገር ውጤት ነው።»

«እማዬ» አለች ልጇ ከተቀመጠችበት።

«ምንድነው?»

«እየተነፈሰች አይደለም።»

«ምን?»

«ሜትሩን ስታወጪ ትንፋሿን ትይዛለች። ሆዷን እይው፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። የምትለኪው ትንፋሿን ይዛ ነው።»

«አትንቀሳቀሺ ስላልኳት ቀጥ ብላ ቆመች እንጂ...»

«እኔም እይዝ ነበር።» ልጇ ድምፅዋን አልጨመረችም። «ልጅ ሆኜ ስትለኪኝ። ፊትሽ እንዳይቋጠር ብዬ። ያኔ ሁሉም ልብሴ ይጠበኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቱግ አለች። ሜትሩን መሬት ላይ ወረወረችው። «አንቺ! አንቺ ነሽ ስለ ልጅ አያያዝ የምታስተምሪኝ? ስትንቀጠቀጥ የት ነበርሽ? መጥባት አቅቷት በማንኪያ ጫፍ ሳንጠባጥብላት የት ነበርሽ? ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ይቺን ልጅ ከሞት አፍ የመለስኳት እኔ ነኝ! ውጪልኝ!»

«እማዬ፣ ሜትሩን ብቻ...»

«ውጪልኝ አልኩ!»

ልጇ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ድንቢጥ በርጩማው ላይ ክንዷን እንደዘረጋች ቀርታ ነበር። ትንሽ ቆይታ፣ ትንፋሽ በሌለው ቀጭን ድምፅ፣ «ጨረስሽ እማማ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አየቻት። የልጅቷ ከንፈር ተነክሷል፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ጨርሻለሁ። ተንፍሺ።»

ልጅቷ ፍሽሽ ብላ ተነፈሰች። ሆዷ ወጣ። እንደ ማንኛውም የአምስት ዓመት ልጅ ሆድ ክብ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከወለሉ አነሳች። እንደገና ዞረቻት፤ አሁን ግን «ዘፈን ዝፈኚልኝ» አለቻት፤ ልጅቷም ስለ ምንም የማይሆን ዘፈን፣ ስለ ድመትና ስለ ባልዲ፣ ፈጥራ ዘፈነች። ሰው እየዘፈነ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ቁጥሩ ቀድሞ ከነበረው በአራት ጣት በልጦ ተገኘ። ልብስ ሰፊ በአራት ጣት አይሳሳትም። በግማሽ ጣት የተሳሳተ እንኳ ደንበኛ ፊት ይዋረዳል።

መንጠቆዎቹን ከኋላ ፈታች፤ ሁለቱን ለመፍታት መሳብ ነበረባት። ከብብቷ ስር፣ በጎኖቿ በኩል ቀያይ መስመሮች ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በፊት አላየቻቸውም ማለት አይደለም። በየማታው ስታጥባት አይታቸዋለች፣ ቅባት ቀብታቸዋለች፣ በቀባች ቁጥርም ልጇን ረግማለች። የዕፁ ሽፍታ ነው ብላ። ያች ነገር ከደሟ አልወጣ ብላ ነው ብላ። አሁን ሰደሪያውን ከመስመሮቹ አጠገብ ስታደርገው የላስቲኩ ስፌት ልክ በልክ ገጠመ። የራሷ ስፌት። ድርብ፣ የማይበጠስ።

ምሳ የበላች ልጅ ሆዷ ይሞላል። ከዚያ ፍራሽ ላይ ያጋድሟታል። ከዚያ ጎኗ የተኛችው ልጅ ክንዷን ትጥልባታለች...

«እማማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አላለቅስም! ተናድጄ ነው!» እውነቷንም ነበር። መቀሱን አንስታ ሰደሪያውን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሰነጠቀችው፤ የሰነጠቀችው ጨርቅ ይመስላት ዳይሬክተሯ ይመስላት ወይስ ራሷ፣ አልለየላትም። ዳይሬክተሯ ልጅቷን አይታ ዕፅ አለች፤ እሷስ ከዚህ ሌላ ምን ብላለች? ሳትወፍር ዕፅ፣ ስትቀላ ዕፅ። በሰው ቤት ስትሰማው ቆሽቷን ያሳረረውን ቃል በራሷ ቤት ቅባት አድርጋ ስትቀባው ኖራለች።

ሐሙስ ጠዋት ድንቢጥን ያለ ማቀፊያ አልብሳ ወሰደቻት። መኪና ሲያንባርቅ ልጅቷ ደንግጣ ስትጮህ «አየሽ፣ ሳላለብሳት!» አለች ለራሷ፣ ወዲያውም ራሷን ተቆጣች። የልጅቷ ጩኸት መፍራት አልጠፋም፤ እሱ እውነት ነው፣ ከልጅነቷ ያለ ነው። ሁሉም ነገር በሰደሪያ አልመጣም፣ በመቀስም አይሄድም።

በር ላይ ልጇ ቆማለች፤ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ጣቶቿ ነጭ በነጭ ሆነው።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም።»

«ሥራሽስ?»

«አስፈቅጃለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ከላይ እስከ ታች ገላመጠቻት። ስለ ሜትሩ ልትነግራት ፈልጋ ምላሷ እምቢ አለ። «እንግዲያው ግቢ። አፍሽን ግን ዝጊ።»

ድንቢጥን ክፍሏ አስገብተው ቢሮ ሲደርሱ ሹፌሩ ቀድሞ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩ አንሶት፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«እኔ ጠብ አልፈልግም እናቴ» አለ ተነስቶ ቦታ እየለቀቀላት። «ልጄ ግን ‹ታማሚዋ ትነክሰኛለች› ብላ አልሄድም ማለት ጀምራለች።»

«ታማሚዋ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ይህን ቃል ከየት አመጣችው?»

ሹፌሩ ዳይሬክተሯን አየ፣ ከዚያ ቁልፉን አየ። «እኔና እናቷ ቤት ስናወራ ሰምታ ይሆናል። እኛም የሰማነው እዚሁ ነው። የወላጆች ስብሰባ ላይ።»

«ስም አልጠራንም!» አለች ዳይሬክተሯ ፈጥና። «ወላጆች እንዲጠነቀቁ ያህል...»

«ስም አልጠሩም፣ እውነት ነው» አለ ሹፌሩ። «ከሱሰኛ የተወለደች፣ ጥጉ ላይ የምትተኛዋ ነው ያሉት። ጥጉ ላይ የምትተኛ ደግሞ አንድ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ሹም ፊት «እርስዎ» ሳትል ተናግራ አታውቅም። ያን ጊዜ ግን ደም ስሯ ተገተረ።

«አንቺ!» አለች። «ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ እጅሽን ይዤ፣ ታገሺልኝ ብዬ የነገርኩሽን አደባባይ አወጣሽው? እኔ እንድትሸፍኚልኝ ሰጠሁሽ፣ አንቺ ደወል አርገሽ አንገቷ ላይ አሰርሽባት?»

«ማዘር፣ ይረጋጉ...»

«አልረጋጋም! ይኸው!» ከቦርሳዋ የተሰነጠቀውን ሰደሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው። «ይቺን ልጅ ያስነከሳት ዕፅ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይህን እኔ ሰፋሁላት። ስትወለድ ጠበቅ ሲል ያረጋጋት ነበር፣ እስካሁንም ያረጋጋታል ብዬ። ለካ ጠቧታል። ሆዷ ሲሞላ ያንቃታል፣ ስትጋደም ይብስባታል፣ ጎኗ የተኛው ሲነካት ያማታል። ጎኖቿ ተልጠዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተናገርኩ።» ወደ ሹፌሩም ዞረች። «ለልጅህም ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

ሹፌሩ ሰደሪያውን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ «አቤት!» አለ። «ይሄን ለኔ ብታለብሱኝ እኔም ሰው እነክሳለሁ።»

ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ገልብጣ አየችው፣ ፊቷም ለቀቅ አለ፤ ልብስ ሰፊዋን ያስደነገጣትም ይኸው መለቀቁ ነው። «እንግዲህ ይሄ ነገሩን ያከብደዋል» አለች ዳይሬክተሯ። «ልጅቷ ቤትም በአግባቡ አልተያዘችም ማለት ነዋ። እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ግዴታችን ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ከመዋዕለ ሕፃናቱ እንዳትባረር ስትል ከቤቷም ልታስወስዳት ነው?

«እኔ ነኝ እናቷ» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረው አዩ። ልጇ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነው።

«ዕፁን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልወሰደችም። እሷ ስትታመም እኔ ጠፋሁ፤ እማዬ ናት ያነሳቻት። የሚከሰስ ካለ እኔን ክሰሱኝ፤ ስሜን ለመጥራት ካፈራችሁ ደግሞ እኔ እነግራችኋለሁ።» ጥፍሯ ላይ ያለውን ነጭ ቀለም ትፍቅ ጀመር። «ሥራዬ እስከ ምሳ ነው። ከምሳ በኋላ፣ በሚተኙበት ሰዓት መጥቼ አጠገቧ ልቀመጥ። ሰው እንዳትነካ። እሷንም ሰው እንዳይነካት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«እርስዎ? ሕፃናት መሃል?» አለች ዳይሬክተሯ። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ጣቶች አየች፣ ካፖርቱን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች፤ የመጨረሻውን ካርታ እንደሚጥል ሰው። «ይሁን። እርስዎ ይንገሩኝ ማዘር። ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ያምኗታል?»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አየች። አዎ ብትል ውሸት ነው፣ ውሸቷም ከፊቷ ይነበባል። አይ ብትል ድንቢጥ ወጣች። ይህን ጥያቄ በሰው ፊት፣ በማታውቀው ሹፌር ፊት መጠየቋ አንገበገባት። ልጇ ቀና ብላ አላየቻትም። ቀለሙን መፋቅ ብቻ።

«አላምናትም» አለች።

የልጇ ጣት ቆመ።

«ልዋሽ? አላምናትም። ቤቴ ስትመጣ ቦርሳዬን እቆልፋለሁ። ልጅቷን ይዛ ደጅ እንድትወጣ ፈቅጄላት አላውቅም። ግን አንቺንም አላምንሽም፣ የሰው ገመና በስብሰባ የምታወጪ! እኔንም አትመኚኝ፣ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የልጄን ልጅ ያነቅሁትን። ልጅቷ ትንፋሿን እንደምትይዝ ያየችው ግን ይቺ ናት። እኔ በየወቅቱ እየለካሁ አላየሁም። አንቺ በየቀኑ እያስተኛሽ አላየሽም። ይቺ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጣ፣ በአንድ ምሽት አየች። ስለዚህ ባላምናትም ትቀመጥ! ማመኑን ስጨርስ እነግርሻለሁ!»

ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶ አንዲት አስተማሪ አንገቷን አስግጋ መለስ አለች።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ በበኩሌ ትቀመጥ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የኔዋም ቤት ወንድሟን ትነክሰዋለች። ለእሷስ በምን እንደምናመካኝ አላውቅም፤ አባቷ ናፍጣ ነው የሚያሸተው።»

ዳይሬክተሯ ብዕሯን አነሳች፣ አስቀመጠች። የተነከሰችው ልጅ አባት ካልከሰሰ ነገሩ ከእጇ ወጥቷል። «እስከ ተርሙ መጨረሻ እንይ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ነገር ቢፈጠር ግን...»

«ከነከሰች ነከሰች በይኝ፤ መጥቼ እቆጣታለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዕፅ የሚለውን ቃል ግን ከአፍሽ ሁለተኛ እንዳልሰማ። ለወላጆቹም የነገርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሽውም አንቺ ነሽ። ሰብስበሽ ያወራሽውን ሰብስበሽ ታስተካክያለሽ።»

«እሱን እናስብበታለን።»

«አስቢበት። እኔም እየመጣሁ አስታውስሻለሁ። በየቀኑ።»

ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ግቢው ውስጥ፣ የልጆቹ መኝታ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር። መሄድ ነበረባት፤ ቤቷ ያልተቆረጠ ጨርቅ ተከምሯል። ውስጥ ፍራሾቹ ተደርድረዋል። ልጇ ጥጉ ላይ፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ባለቀለሟን ከስፌት መኪናው ጎን ሌላ ቦታ አይታ የማታውቀው ድንቢጥ ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ በቁጣ ታያታለች፤ የምትለው በመስታወቱ አይሰማም፣ ግን ሂጂ የምትል ይመስላል። ከዚያ እጇን ጨብጣ የእናቷን ጉልበት መታች። ልጇ አልተነቃነቀችም። ደግማ መታቻት። ልብስ ሰፊዋ የመስኮቱን ብረት ያዘች፤ ገብታ ልጅቷን አፈፍ አድርጋ ልታነሳ እግሯ ተነስቷል።

«ማዘር» አለ ዘበኛው ከኋላዋ፣ «ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፣ የግቢውን በር ልዝጋ።»

«ቆይ ትንሽ።»

«ልጅዎ አለች አይደል እንዴ ውስጥ? ምን ያሳስብዎታል?»

«እሷ መኖሯ ነዋ!»

ዘበኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ድንቢጥ ለሦስተኛ ጊዜ ልትመታ እጇን አንስታ፣ እናቷን አተኩራ አየቻትና፣ እጇን እዚያው አየር ላይ ረሳችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ተጋደመች። ጎኗ በስሱ ሸሚዝ ስር ከፍ ዝቅ ይላል። ልጇም ጎኗን ነው የምታየው፤ እጇን አልዘረጋችም፣ ዝም ብላ ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች።

ልብስ ሰፊዋ ብረቱን ለቀቀች። ንዴቷ አልበረደም፤ በዳይሬክተሯም፣ በዚያች በተኮራመተችውም፣ በራሷም ላይ እኩል ይነዳል።

«ዝጋው» አለችው ዘበኛውን፣ እየተራገመችም ወደ ሥራዋ ሄደች።